ለብቻው የተሰቀለ ቅል

በዚያ ሐሙስ በግራዝማች ላቀው ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን፤ ግራዝማች ራሳቸው፣ ከአውራጃ የመጡት የትምህርት ኢንስፔክተር፣ አንድ ዳስ ሙሉ እንግዳ፣ ለትምህርት ሊጻፉ የመጡ ልጆች፣ የቤቱ ገረድ የሺ፣ ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው አባቴ ሸሪፍ፣ እኔም ልጁ አማን። ዘመኑ 1950 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ከጥምቀት በኋላ የመጣው ሐሙስ። ስም እየጠራሁ የምቆጥረው፣ ኋላ «እኔ በዚያ አልነበርሁም» የሚል ሰው ስለበዛ ነው። ነበሩ። ሲስቁም ሰምቻለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ዓይነ አፋር ልጅ ነበርሁ፤ ዛሬም ነኝ። ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከተወጠረው የሸማ ድር ኋላ እደበቅ ነበር። በዕድሜዬ ሁሉ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ተሳስቼ።

ስሕተቴ የጀመረው ከጉድጓዱ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። በጋይንት፣ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ ከገበያው ቁልቁል ባለችው ቤታችን፣ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ፣ በእግሩ ጣቶች ገመዱን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየላከ ይሠራል። ከወገቡ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። እናቴ ሀኒፋ ማጉን ታጠነጥናለች፤ እኔ አቀብላለሁ። ታዲያ ሥራውን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ጎንበስ ማለት አለበት። ገበሬው ጎንበስ ይላል። ቄሱ ጎንበስ ይላሉ። ግራዝማች ላቀው እንኳ፣ በገበያ ሲያልፉ ሰው ሁሉ ሸማውን አውርዶ አደግድጎ የሚቆምላቸው ሰው፣ እኛ ቤት ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ጎንበስ ይላሉ። እኔ ከድሩ ኋላ ሆኜ ይህን ሳይ ልቤ አንድ ነገር ቆረጠ፤ ጋይንት በሙሉ ለአባቴ እጅ ይነሣል።

ይህን ለማንም አልነገርሁም። ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይነገራል እንዴ?

ግራዝማች በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ መጥተው ጃኖ አዘዙ። ለአርብ ገበያ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ኢንስፔክተርም ይመጣል ተብሎ ነበር።

«ሸሪፍ!»

«አቤት፣ ጌታዬ።»

«ኢንስፔክተሩ ሲመጣ የምለብሰው ነው። ጥለቱ አራት ጣት ይሁን።»

«ያለፈው ሦስት ጣት ነበር፣ ግራዝማች።»

«የፊታውራሪውስ ስንት ነው?»

«ሦስት ተኩል።»

«እኮ! አራት ነው ያልሁህ።»

«በማን ጣት ልለካው?»

«በኔ ነዋ! ያንተማ ጣት ክር መስሎ የለም?»

እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ከጉድጓዱ ሆኖ ክር ወደ ላይ ዘረጋና እጃቸውን ሳይነካ በአየር ላይ ለካ። የግራዝማች ጣት ወፍራም ስለነበር አራቱ የአባቴን ስድስት ጣት ሞላ። ሲሄዱ እናቴ «አምስት ቢሉህ ኖሮ ነጩን ወዴት ልታደርገው ነበር?» አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን የገረመኝ እጅ ለእጅ አለመነካካታቸው ነው። ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ይከባበራሉ ብዬ ያዝሁት።

ከመሄዳቸው በፊት ግራዝማች ሌላ ነገርም ተናግረው ነበር። «ሃያ ልጅ ነው የሚጻፈው፤ ማኅተሙ ያለው በኔ እጅ ነው። ጃኖው ካማረልኝ ያንተንም ልጅ አስገባዋለሁ።» አባቴ ያን ቀን ከጉድጓዱ ወጥቶ መሬት ሳመ። ከዚያ በፊት ስለ ቤታችን ቦታ አንድ ወረቀት መጥቶለት፣ ሦስት ሰው በሦስት ዓይነት አንብቦለት ያውቃል። ልጁ አራተኛው አንባቢ እንዲሆንለት ይፈልግ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልያዘም። ጠዋት ጠዋት መወርወሪያውን ሲያነሣ «ይቺ ለአማን» ይል ነበር።

አሁን ስለ ቅሉ ልናገር።

በግራዝማች ቤት ዋንጫውም ብርሌውም ጣሳውም በአንድ ቅርጫት ተደበላልቆ ይቀመጣል። የአባቴ ቅል ግን ከወጥ ቤቱ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በተተከለ እንጨት ለብቻው ይሰቀላል። አባቴ ሥራ ይዞ ሲሄድ የሺ ቅሉን በሁለት ጣቷ ከማሰሪያው አንጠልጥላ ታወርድና ውሃ ትሰጠዋለች። ሌላ ሰው አይጠጣበትም። አይነካውምም። የግራዝማች ልጅ ደምሌ አንድ ቀን የጨርቅ ኳሱ ቅሉን ቢመታበት፣ ኳሱን እዚያው ጥሎ ሸሸ።

«አባ፣ ያንተን ቅል ለምን ለብቻው ይሰቅሉታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

አባቴ «እንዳይደባለቅ ነው» አለኝ።

ውሸት አልነገረኝም። እኔ ነኝ የቀረውን ከራሴ የጨመርሁት። ለብቻው የሚቀመጥ ነገር ምንድን ነው? ታቦት ለብቻው ይቀመጣል ይሉ ነበር የክርስቲያን ልጆች። ቁርኣን በቤታችን ከሁሉ ዕቃ በላይ ለብቻው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የአባቴም ቅል እንዲሁ።

ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ነገሩን አውቄዋለሁ። ሥጋ ቢሆን እሺ። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም፤ ይህ የሃይማኖት ነው፣ የሚቀየምበትም የለም። ውሃ ግን ከአንድ ምንጭ ነው የምንቀዳው። ደግሞ ነጋዴው ታሂር እንደ እኛው እስላም ነው፤ በግራዝማች ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ ዓይቻለሁ። ታሂር በበቅሎ ነዋ የሚሄደው። ስለዚህ ነገሩ የሃይማኖትም አልነበረም። የጉድጓዱ ነበር።

በዚያ ቤት ቅሉን የሚያጥብ ሰው ስላልነበረ አባቴ በየበዓሉ ወደ ቤት ያመጣው ነበር። እናቴ ውስጡን በአሸዋ ፈትጋ፣ በወይራ አጥና መልሳ ትሰጠዋለች። በዚያ ግቢ ካለው መጠጫ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አባቴ ጃኖውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እኔን ፊቴን አሳጥቦ ሄድን። ግራዝማች ጃኖውን እዚያው በራፉ ላይ ደረቡት። የቀዩ ጥለት ትልቅነት! ሲቀመጡ ከአገጫቸው እስከ ጉልበታቸው ቀይ ብቻ ነበሩ። «አምሯል» አሉ፤ ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ ጥለቱ እያዩ። አባቴ ከበሩ አጠገብ ወዳለችው ድንጋዩ ሄደ። ብርሃን ስለሚወድ ነው ደጅ የሚቀመጠው ብዬ አስብ ነበር።

ዳሱ ሞልቷል። ግራዝማች ለዚያ ቀን ብለው ስድስት ብርጭቆ አስመጥተው ነበር፤ ስድስቱም ጠጅ ተሞልቶባቸው በትልልቆቹ እንግዶች እጅ ነበሩ። ኢንስፔክተሩ ኮት የለበሱ ቀጭን ሰው ናቸው። ምሳቸውን በልተው፣ ከበርበሬው የተነሣ ግንባራቸውን አልቧቸው፣ ልጆቹን በተራ አስቀረቡ።

«ስምህ ማነው?»

«ደምሌ ግራዝማች ላቀው» አለ ደምሌ። ግራዝማችነቱንም የስሙ አካል አደረገው። እንግዶቹ «እሰይ! እሰይ!» አሉ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ስሜን ብናገር አልተሰማም። ደግሜ «አማን ሸሪፍ» አልሁ። «እሰይ» ያለ የለም።

ኢንስፔክተሩ ግንባራቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ አማን፣ ወጡ አቃጥሎኛል። እስቲ ሮጥ ብለህ ውሃ አምጣልኝ» አሉኝ።

ሮጥሁ። እየሮጥሁም አሰብሁ። ከጃንሆይ መንግሥት የመጣ ሰው ነው፤ ከቅርጫቱ፣ ከተደባለቀው ዕቃ ልስጠው? ብርጭቆዎቹ ተይዘዋል። ደግሞም ብርጭቆ ስድስት ነው። የአባቴ ቅል አንድ ነው።

የሺ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማለች። ተንጠራርቼ ቅሉን ሳወርድ አየችኝ። «ለኢንስፔክተሩ ነው» አልኋት። አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችውና ወደ ድስቷ ዞረች።

ከእንስራው ቀድቼ፣ እንዳይፈስ በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ዳሱ ገባሁ። ኢንስፔክተሩ ተቀብለው አንድ ጊዜ ጠጡ፤ ቆም አሉና እስከ መጨረሻው ጨለጡት።

«ኧረ ይህ ቅል እንዴት ያውዳል!» አሉ። «ጋይንት ከገባሁ እንዲህ ያለ ውሃ አልጠጣሁም። የማነው?»

ግራዝማች ቅሉን አይተው እጃቸው ብርጭቆው ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ለምን ዝም እንዳለ አልገባኝም፤ መልሱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ዓይነ አፋሩ እኔ፣ እስከ ግቢው በር በሚሰማ ድምፅ ተናገርሁ።

«የአባቴ ነው! የሌላው ሰው መጠጫ በቅርጫት ነው የሚቀመጠው፤ የአባቴ ብቻ ለብቻው ይሰቀላል። ማንም አይነካውም!»

«ለምን አይነካውም?»

«ስለሚከበር ነዋ! ግራዝማችም እኮ እኛ ቤት ሲመጡ ለአባቴ ጎንበስ ይላሉ።»

ከዳሱ ጥግ አንዱ በአፍንጫው አጓራ። ከዚያ ሌላው። ወዲያው ሳቁ ዳሱን ሞላው፤ ጠጅ ትን ያለውም ነበር። «ጎንበስ ይላሉ አለ! እሰይ ያገሬ ልጅ!» ደስ ያላቸው መስሎኝ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ኢንስፔክተሩ መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠረጉ። ያን ጊዜ ላብ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ላብ አፍ ላይ ብቻ አይወጣም። የቅሉ ነገር ገብቷቸዋል፤ ግን ውሃው ሆዳቸው ውስጥ ነው፣ አይመለስም። የቀራቸው አንድ መንገድ ብቻ ነበር።

«እውነት ነው፣ ግራዝማች?» አሉ ፈገግ ብለው። «የዚህን ልጅ አባት እንዲህ ነው የምታከብሩት?»

አይደለም ቢሉ እንግዳቸውን በምን እንዳጠጡ መናገራቸው ነው። ግራዝማች ፊታቸው ከጥለቱ ጋር ተመሳሰለ።

«አዎን… እንዴታ። እናከብረዋለን። ሸማኔያችን ነው።»

«እንግዲያው የተከበረ ሰው ለምን ደጅ ይቀመጣል? ይግባ እንጂ!»

አባቴ ገባ። ቁመቱ ረጅም ነበር፤ በጉድጓድ ውስጥ ያየው ሰው አያውቀውም። በሁለቱም ወገን የተቀመጡት እንግዶች እንዳይነካቸው የሸማቸውን ጫፍ ሰበሰቡ። አባቴ የተሰበሰበውን ጫፍ አንድ በአንድ ተመለከተ። እኔ ሰላም እያላቸው መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው «ሥራዬን እያየሁ ነበር» አለኝ።

«ጌታው» አለ ለኢንስፔክተሩ። «በዚህ ዳስ ካለው ሰው ያላለበስሁት እርስዎን ብቻ ነው።»



«ተቀመጥ» አሉት ኢንስፔክተሩ፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ሳይነግሩት።

«መቀመጫ አይደለም የምሻው። ልጄ እንዲጻፍልኝ ነው።»

«እሱማ… ዝርዝሩ ያለው ከግራዝማች ዘንድ ነው» አሉና በቅሏቸውን አስመጡ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ይመሽብኛል አሉ። ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ብዙ ቀን በእኒህ ሰው ላይ ቂም ይዤ ኖርሁ። ዛሬ ቂሙ የለም፤ ማክበሩም የለም። ውሃ ጠጥተው ሄዱ፣ ይኸው ነው።

ኢንስፔክተሩ የመለሱልኝን ቅል አባቴ ከእጄ ተቀብሎ በብብቱ ያዘ። ወደ እንጨቱ አልመለሰውም።

አመሻሽ ላይ የግራዝማች አሽከር አስማረ ቤታችን መጣ። ወደ ውስጥ ሳይገባ ከደጅ ሆኖ ተናገረ።

«ሸሪፍ፣ ጌቶች እንዲህ ብለዋል። ነገ በገበያ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በጫንቃህ ድንጋይ ተሸክመህ እግራቸው ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ልጁም ‹ዋሽቻለሁ› ይላል። ያን ጊዜ ስሙ ይጻፋል። አለዚያ ዘለዓለም አይጻፍም።»

አባቴ አሰበበት። «ድንጋዩ ትልቅ ይሁን ትንሽ አላሉም?»

አስማረ ግራ ገባው። «እሱን እንኳ አላሉም።»

«እንዲያውም ደግ። እመጣለሁ በላቸው።»

አስማረ ሲሄድ እናቴ «ብዙ ሰው ተሸክሞ ያውቃል፣ ሸሪፍ። ጫንቃ አይቆረጥም። ለልጁ ስትል ነው» አለችው።

«አዎ፣ ለልጁ ስል» አለ አባቴም። «ልጁ ግን ይዋሻል ወይ?»

እናቴ አየችኝ። «አይዋሽም» አለችና ተነሥታ ዕቃ ማሰር ጀመረች። እኔ ምን እንደ ተወሰነ አላወቅሁም። የአህያዋን ጭነት ሳይ ወደ ወገዳ፣ ወደ አክስቴ ዚነት ልንሄድ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ «ና፣ ድንጋዩን እናውጣ» አለኝ። ከድሩ ጫፍ፣ ገመዱ የሚታሰርበት፣ ድሩን ወጥሮ የሚይዝ አንድ ጥቁር ድንጋይ ነበረው። ከኔ ዕድሜ በላይ እዚያው የኖረ፣ ገመዱ ያለፈበት ቦታ የተቦረቦረ ነው። ከነገመዱ አንሥቶ በትከሻው ላይ አደረገው። በሌላ እጁ ቅሉን ውሃ ሞልቶ ያዘ። እናቴ አህያዋን ነዳች፤ እኔ ተከተልሁ።

ገበያው ሞልቶ ነበር። ገብስ ሻጩ፣ ባቄላ ሻጩ፣ በሬ ነጂው፣ ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። «ሸሪፍ ሊወድቅ ነው! ና እይ!» ይላል አንዱ። «ያ ነው ልጁ! ኢንስፔክተሩን በሸማኔ ቅል ያጠጣው!» ይላል ሌላው። ለክብራችን የተሰለፉ ስለመሰለኝ ደረቴን ነፋሁ። እናቴ ይህን አይታ አንገቷን ቀና አደረገች።

ግራዝማች ከዋርካው ሥር ወንበር አስደርገው ተቀምጠዋል፤ ያንኑ ጃኖ ለብሰዋል። አጠገባቸው ትናንት በዳሱ የነበሩት አሉ። አባቴ ፊት ለፊታቸው ቆመና ድንጋዩን ከትከሻው አውርዶ እግራቸው ሥር አኖረው። እሱ ግን አልወደቀም።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«ድንጋይ ነው፣ ጌታዬ። ይዘህ ና አሉኝ፣ ይዤ መጣሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት የእርስዎን ድር የወጠረ ነው። ከእንግዲህ የእርስዎን ስለማልሸምን ለእርስዎ ይሁን ብዬ ነው።»

«ይቅርታ በል!»

«ይቅርታ የሚል የበደለ ነው። ልጄ ‹አባቴ ይከበራል› አለ። እርስዎም በእንግዳው ፊት ‹አዎን› አሉ። ከሁለታችሁ ማን ነው ዋሸሁ የሚለው?»

ሕዝቡ ጉምጉም አለ። ግራዝማች ወደ ቅሉ ጠቆሙ። «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል ብለህ ነው? አንተ አገር አለህ? ርስት አለህ? ሸማኔ ምን አገር አለው!»

«ጉድጓድ የሚቆፈርበት ምድር ሁሉ አገሬ ነው» አለ አባቴ። «እርስዎ ግን ሲበርድዎ ወዴት ይሄዳሉ?»

ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ከቅሉ ጠጣ። ለእናቴ ሰጣት፣ ጠጣች። ለእኔ ሰጠኝ፣ ጠጣሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የወይራው ሽታ ይሸተኝ ነበር። ግራዝማች እግራቸው ሥር ያለውን ነገር፣ የተቦረቦረውን ቦታና ገመዱን ለማየት፣ እንደ ልማዳቸው ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ።

ያን ጊዜ አባቴ ጉድጓድ ውስጥ አልነበረም። ቆሞ ነበር። ስለዚህ የልጅነት ሐሳቤን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጣልሁትም።

የቀረውን ያወቅሁት ከየሺ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአውቶቡስ ወደ ደብረ ታቦር ልትሄድ መጥታ ቤታችን አደረች። «አየሁህ እኮ ቅሉን ስታወርድ» አለችኝ። «በሁለት ጣት አንሺው ተብዬ ስንት ዓመት አነሣሁት! አንድ ጊዜ ‹ተው› ብልህ ይበቃ ነበር። ምላሴን ነክሼ ዝም አልሁ።» ውሃ ስትጠይቅ ብርጭቆ አቀረብሁላት። «አይ፣ በሱ ስጠኝ» አለች ወደ ቅሉ ጠቁማ፤ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

በዚያ ዓርብ ከገበያው በቀጥታ ወጣን። ወገዳ አክስቴ ቤት ሁለት ሌሊት አድረን፣ በአራተኛው ቀን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባን። በማግስቱ አባቴ ጉድጓድ ቆፈረ። እኔንም ትምህርት ቤት ወስዶኝ፣ መምህሩ ዋስም ማኅተምም ሳይጠይቁ ስሜን ጻፉ።